የመሸበት ቃል

አርማጭሆ ውስጥ፣ በትክል ድንጋይ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ባሕር ዛፉ እንደ ማሲንቆ በሚያንጎራጉርበት ጥግ፣ ወርቅውሃ አንዳርጋቸው አማርኛ ታስተምራለች። ሠላሳዎቹን ገና የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ፊት ሳቂታ፣ ብቻዋን ስትሆን ግን ዜማ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ናት። የተወለደችው ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ጃናሞራ ደጋ ላይ ነው። እናቷ እማማ ታየች ባላቸው ሲሞት እሷንና ታናሽ ወንድሟን ይበልጣልን ይዘው ጎንደር ስለገቡ፣ ያደገችው የከተማ ልጅ ሆና ነው። ከደጋው የቀራት የእናቷ እንጉርጉሮና ብርድ የለመደ ጉንጭ ብቻ ነው።

ልጅ ሳለች መጀመሪያ ያነበበችው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የታመመ ወጣት ነበር። «አገገመ» ይላል መጽሐፉ። ቃሉን አታውቀውም፤ ድምፁ ግን የሞት ድምፅ መሰላት። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥፋ ምርር ብላ አለቀሰችለት። ጥቂት ገጾች አልፎ ልጁ በፈረስ ከተፍ ሲል መንፈስ ነው ብላ ደነገጠች። መጨረሻው ላይ ድል ባለ ሠርግ ሲያገባ ነው፣ በቁሙ ላለ ሰው ስታለቅስ መክረሟ የገባት።

ከዚያ ወዲህ አንድ እምነት አላት። ቃሉን ሳያውቁ ልብ ወለድ መግባት ሰዉን ሳያውቁ ለቅሶ ቤት እንደ መግባት ነው፤ ለማን እንደሚያለቅሱ አያውቁም። ስለዚህ ተማሪዎቿ ልብ ወለድ ከማንበባቸው በፊት፣ ከባድ ከባዱን ቃል አስቀድማ ታስተዋውቃቸዋለች። ማስተዋወቂያዋ ደግሞ የራሷ ነው። «ቃል ማሳደር» ትለዋለች።

«ሰው መንገድ ላይ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ ምን ይላል?» ትላቸዋለች ክፍሉን።

«የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ ቤት ለእንግዳ!» ይላሉ በአንድ አፍ።

«ባለቤቱስ?»

«ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ!»

«ማነህ፣ ከየት ነህ ይለዋል?»

«ሳይበላ አይጠየቅም!»

«በሉ፣ ቃልም እንዲሁ ነው። አትጠራጠሩት። ወስዳችሁ አሳድሩት፤ ማንነቱን ከአባት ከእናታችሁ ጠይቁና ነገ ይዛችሁት ኑ።»

ከዚያ በቁራጭ ወረቀት የጻፈቻቸውን ቃላት ከእናቷ የስፌት ሙዳይ ውስጥ ጨምራ ታዞራለች። ሁሉም እጁን ይሰድና ዕጣውን ያወጣል። ማታ ከቤቱ ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ» ይላል። ጠዋት የሰማውን ለክፍሉ ይናገራል፤ ክፍሉም ለእንግዳው ሁለት ስንኝ ይገጥምለታል። ወላጆችም ወደውት ነበር። «ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘሽብን መጣሽ?» እያሉ ይስቃሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትምህርቱም ሲቋረጥ ሲቀጠል ነው የከረመው። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ዞር ዞር እያለ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ይበልጣል፣ የአንድ ልብ ወለድ ቅጂዎች ከወዳጆቹ ለቃቅሞ ቅዳሜ አመጣለሁ ብሏታል። ልብ ወለዱ ደም ስለተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ነው። ወርቅውሃ ቃላቱን መርጣ ሙዳይዋ ውስጥ ጨመረች፤ ቂም፣ ዋስ፣ ሸንጎ፣ እርቅ፣ ደመኛ። ታሪኩን ግን ጣዕሙ ይጠፋል ብላ አልነገረቻቸውም።

ቃል ያለ ታሪኩ ብቻውን ሲላክ ግን አርፎ አይቀመጥም። ታሪክ ያለበትን ቤት ፈልጎ ይገባል።

ልዕልት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሷ ስታነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ድምፅዋ ቃሉን አያነሣውም፣ ያቅፈዋል። ወርቅውሃ አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቆማ ስትሰማት ዓይኗ ውኃ ይሞላል። ሙዳዩ ሲደርሳት ልዕልት ዓይኗን ጨፍና አንዱን አወጣች። «ደመኛ» ይላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤቷ ደጃፍ ቆመች። አባቷ አያ በላቸው የቀንበሩን ጠፍር እያጠበቀ ነበር።

«የመሸበት እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ!» አለች እየሳቀች። «ቤት ለእንግዳ!»

አያ በላቸው ቀና አለ። ከኋላዋ ማንም የለም። «ቤት የእግዜር ነው። ማነው እንግዳው?»

«ደመኛ!»

ጠፍሩ ከእጁ ወደቀ። ሚስቱ ሸዋረጋ ከውስጥ ብቅ ስትል፣ ባሏ አጥር ለአጥር እየዞረ ቁጥቋጦውን በዱላ ሲገላልጥ አየችው።

«ማን ላከሽ?» አለ ተመልሶ፣ ልጁን ትከሻዋን ይዞ።

«ቲቸር ናት አባየ። ትርጉሙን ጠይቁ፣ አሳድሩት አለችን።»

«አሳድሩት? ደመኛን አሳድሩት አለች?»

«ዕጣ ደርሶኝ ነው...»

«ይች አስተማሪ የየት አገር ሰው ናት?»

ልዕልት ትከሻዋን ነቀነቀች። የማታውቀው ነገር ያ ብቻ አልነበረም። የአባቷ ስም በላቸው እንዳልነበረም አታውቅም። እሷ ጨቅላ ሳለች፣ ጃናሞራ ላይ፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለ፤ ገድሎም ቆላ ወርዶ ወባ በላው። ገዳይ ሲሞት ደሙ ወደ ወንድም ይሻገራል። ሟች ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ትቷል። ሽማግሌ ሳይገባበት፣ እርቅ ሳይወርድ፣ በላቸው ሚስቱንና አራስ ልጁን ይዞ ስሙንም አገሩንም ጥሎ ወጣ። ትክል ድንጋይ ላይ ለጠየቀው ሁሉ «ከዳባት ወዲያ ነኝ» እያለ ነው የኖረው። ያ ወንድ ልጅ አሁን ለነፍጥ ደርሷል። አያ በላቸው ፊቱን አያውቀውም፤ ስለዚህ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ ፊቱን ሲያይ ይኖራል።

ማግስቱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘ። ዘበኛው አያ ኪሩ አገር የሚያወራውን ሁሉ ሰብስቦ እንደ ጭራ የሚያወዛውዝ ሽማግሌ ነው።

«ይች የአማርኛዋ አስተማሪ የማን ልጅ ናት አያ ኪሩ?»

«ቲቸር ወርቄ? ሸጋ ልጅ ናት። የጎንደር ናት።»

«ከጎንደር በፊትስ?»

«ከጎንደር በፊትማ የመካነ ብርሃን ናት ይላሉ። አባትየው ሲሞት ነው እናቷ ወንድ ልጇን ይዛ ከተማ የገባች።»

አያ በላቸው ይበልጥ ጠጋ አለ። «አባትየው በምን ሞተ?»

«እሱን ማን ይጠይቃል? ሰው እኮ ከሞተ ሞተ ነው። ምነው፣ ውርስ አለህ?» ብሎ ሳቀ አያ ኪሩ፤ ሳቁን የሚቀበለው ግን አጣ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ሄዷል።

የልዕልት ወንበር ባዶ ዋለ። በማግስቱም ባዶ ነበረ። ሌላ ልጅ ተነሥቶ ሲያነብ ወርቅውሃ ሳታውቀው ወደ ባዶው ወንበር ታያለች። ያቺ ልጅ ያልተገኘችበትን ልብ ወለድ ማስነበብ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ሆነባት። በዚያ አገር ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ከቀረች፣ የሚቀጥለው ወሬ የጋብቻዋ እንደሆነ ታውቃለች። ሳምንቱ ሳይገፋ ተነሥታ ሄደች።

ውሻው ከሩቅ ተቀበላት። አያ በላቸው የአጥሩን በር በሰውነቱ ዘግቶ ቆሟል።

«እንዴት ዋሉ አያ በላቸው?»

«እግዜር ይመስገን።» ግቡ አላለም። በዚያ አገር እንግዳን ደጅ አቁሞ ግቡ አለማለት፣ ከስድብ አንድ ከፍ ያለ ነገር ነው።

«ልዕልትን አሟት ነው?»

«ደኅና ናት።»

«ታዲያ ምነው ቀረች?»

«ሥራ አለ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «የላኩብንን እንግዳ አላሳደርነውም» አለ።

ወርቅውሃ ልትስቅ ስትል ፊቱን አይታ ተወችው። «እሱ እኮ ትምህርት ነው። ዕጣ ነው የደረሳት።»

«ዕጣውን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሙዳዩን የያዘውስ?»

«እኔው።»

«እንዲህ ያለ ዕጣ አይቸ አላውቅም።»

«አያ በላቸው፣ ለሌላው ዋስ ደርሶታል፤ ለሌላዋ እርቅ ደርሷታል...»

«ከኔ ቤት ነው እርቅ ሳይደርስ ደመኛ የሚደርሰው?»

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ዓይኑ ግን ከፊቷ አልፎ እሷ የመጣችበትን መንገድ፣ ከመንገዱም ወዲያ ያለውን ቁጥቋጦ ይፈትሻል።

«ወንድም አለዎት?» አላት ድንገት።

«አለኝ። ቅዳሜ መጽሐፎቹን ይዞ ይመጣል። ያኔ ልዕልት...»

«ይመጣል?»

«አዎ።»

«ብቻውን ነው?»

ከቤቱ በር ስንጥቅ ውስጥ የልዕልት አንድ ዓይን ታየ። «ቲቸር፣ ልብ ወለዱ ደረሰ?» አለች በሹክሹክታ። አንድ እጅ ወደ ውስጥ ሳባት፤ በሩም ተዘጋ።

ወርቅውሃ ቁልቁለቱን ስትወርድ ውሻው ጩኸቱን ተወ። ዞር ብላ ብታይ ሰውየው አሁንም አጥሩ በር ላይ ቆሟል። እናቷ ሲያዝኑ የሚሉት ዜማ መጣባት፤ ስንኙ ግን የራሷ ነበር፤

ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ቃል አለ፣
ከደጁ ቆሞ ነው ቤቱን ያቃጠለ።

ጥርጣሬ ከሰው ሰው ይጋባል፤ እንደ ጉንፋን ማን እንዳመጣው አይታወቅም። በማግስቱ ሁለት ልጆች ቃላቸውን ሳያሳድሩ መለሱ። «አባቴ ዘንድሮ እንግዳ አናሳድርም አለኝ» አለ አንደኛው አፍሮ። ሌላዋ፣ «እናቴ፣ አስተማሪሽ ከቤታችን ምን ልትሰማ ፈልጋ ነው አለችኝ» አለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጠርቷት፣ «ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ትርጉሙን መስጠት ምን ይጎድለዋል?» አላት። አያ ኪሩም በሩን ሲከፍትላት ጠጋ ብሎ፣

«ቲቸር ወርቄ፣ ከነማን ጋር ተጣልተሽ ነው? አገሩ ሁሉ አያትሽን እየቆጠረ ነው» አላት።

ያን ቀን ኔትወርክ ስለነበረ ለእናቷ ደወለች።

«እማየ፣ አንድ ሰው ዘሬን እያስጠየቀ ነው።»

ከመስመሩ ወዲያ እልል ሊል የደረሰ ድምፅ መጣ። «ተመስገን! የማን ልጅ ነው? ሥራ አለው?»

«ለጋብቻ አይደለም እማየ።»

«ታዲያ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ለቀበሌ መታወቂያ ነው?»

«የተማሪየ አባት ነው። ወንድም አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

የእማማ ታየች ድምፅ ወዲያው ወረደ። «ምን አልሽው?»

«አለኝ፣ ቅዳሜ ይመጣል አልኩት።»

«አንች ልጅ! ወንድም አለሽ ሲባል እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ሰው የሴትን ወንድም የሚጠይቅ ወይ ለሽምግልና ነው ወይ ለደም ነው!»

«እኛ ደም አለብን?»

«የለብንም። አባትሽ በሳንባ ነው የሞተው፤ አገር ያውቃል። ደም ግን ደጅ ይስታል ልጄ። ያልዘራውን ስንቱ አጨደው። ስሚኝ፣ ይበልጣል እንዳይመ...»

ስልኩ ተቋረጠ። ወርቅውሃ ደጋግማ ሞከረች፤ ለይበልጣልም ሞከረች። «ለጊዜው ማግኘት አይቻልም» ከሚለው የሴት ድምፅ በቀር የሚመልስላት አልነበረም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ስልኩን ከእጇ ሳትለይ ዋለች። ሰውየው ለምን «ብቻውን ነው?» እንዳላት ታስባለች። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር እሷም ቀና ማለት ጀመረች።

ቅዳሜ ገበያ ነው። የጎንደሩ ሚኒባስ አቧራ ለብሶ መናኸሪያው ሲገባ ወርቅውሃ ከማለዳ ጀምራ እዚያ ነበረች። አያ በላቸውም ነበረ። ከአጥሩ ተደግፎ፣ ነፍጡን እንዳነገተ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። ነፍጥ ማንገቱ ማንንም አላስደነቀም፤ በአርማጭሆ ጠብመንጃ ማንገት ኩታ መልበስ ነው። እሷ ግን ወደ ሚኒባሱ በር ጠጋ አለች። ከዘበኝነቱ ፈቃድ ወስዶ ገበያ የመጣው አያ ኪሩ ነገሩ ሸቶት ጠጋ አለ። ልዕልትም እናቷ ለጨው ልካት፣ ጨው የማይሸጥበት መናኸሪያ ጥግ ቆማለች። ዓይኗ ከሚኒባሱ አልተነቀለም።

ይበልጣል ካርቶኑን ተሸክሞ እየሳቀ ወረደ። «ወርቄ! ይሄን ድንጋይ ነው መጽሐፍ የምትይው? ትከሻየን እኮ ገደልሽው!»

«ና ወደዚህ፣ ቶሎ» አለች፤ ሰውየው ግን ቀደማት።

«ጎበዝ» አለ አያ በላቸው፣ መንገዱ መካከል ቆሞ። «እሱን አስቀምጠው።»

ይበልጣል ሰውየውንም ነፍጡንም አየ። ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት አኖረ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአንዳርጋቸው።»

«አንዳርጋቸውስ?»

«የሰውአገኝ።»

«ሰውአገኝስ?»

«የ... መለሰ።»

«መለሰስ?»

ይበልጣል እህቱን አየ። «ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የለም አባቴ።»

አያ ኪሩ ሳቁ አመለጠው። አያ በላቸው አልሳቀም። እጁ የነፍጡ ማንገቻ ላይ ወጣ። «ስም ማንም ይለውጣል። ሁለት ሦስት አያትም ማንም ያጠናል። ሰባት ቤት ግን አጥንቶ የሚመጣ የለም። ቀጥል።»

ያኔ ወርቅውሃ በወንድሟና በሰውየው መካከል ገባች። ልትናገር አስባ ነበር፤ የመጣላት ግን ዜማ ሆኖ ነው። ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና፣ በእሽሩሩ፣ እንቅልፍ ሳይወስዳት የለመደችው ዜማ። «እሽሩሩ፣ መለሰ የወልደ ሩፋኤል፣ ወልደ ሩፋኤል የድንቁ፣ ድንቁ የጎሹ፣ ከምንጩ በላይ የተቀበረው...» እያንዳንዱን አባት ከነደብሩና ከነወንዙ ጠራች። የገበያው ሰው ከበባቸው። ይበልጣል አፉን ከፍቶ ያያታል፤ እሱም በዚያው ዜማ ተኝቶ ያደገ፣ ግን ሰምቶት የማያውቅ።

የአያ በላቸው ከንፈር አብሯት ይቆጥር ነበር። ሰባተኛው ላይ እጁ ከማንገቻው ወረደ። ስም ሊጠና ይችላል፤ እሽሩሩ ግን አይጠናም።

«የነሱ አይደላችሁም» አለ፣ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር።

«የእነማን?» አለ አያ ኪሩ ወዲያው።

«አንተ ደግሞ ደብረ ታቦር ድረስ እንድትነዛው ነው?»

ወርቅውሃ ግን «የነሱ» የምትለው ቃል ሁሉን ነገር ነገረቻት። እርቅ ሳይደርስ ደመኛ የደረሰበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ያኔ ገባት። የሰውየው ዓይን ቁጥቋጦ ቁጥቋጦውን ለምን እንደሚፈትሽም ገባት።

አያ በላቸው ገና አልጨረሰም። «ዘሩስ ይሁን። ቃሉን ከየት አመጣሽው?» አላት። እርስዎ ማለቱን መተዉን እሱም ልብ አላለውም።

«ከዚህ ውስጥ ነው» አለችና የካርቶኑን ገመድ ፈታች። አንዱን መጽሐፍ አውጥታ ዞር አለች። «ልዕልት፣ ነይ። እንግዳሽን ፈልጊው።»

ልዕልት አባቷን አየች። አልከለከላትም። መጽሐፉን ተቀብላ ገልጣ፣ ገልጣ፣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። ከዚያ በዚያ በሚያቅፈው ድምፅዋ አነበበች፤

«ደመኛው ዓባይን ተሻግሮ መጣ። ሁሉም ወደ ነፍጡ ሮጠ። እሱ ግን በእጁ የያዘው መሣሪያ አልነበረም፤ የታመመ ልጁን ነበር። ከደጁ ቆሞም፣ የመሸበት እንግዳ ነኝ አለ።»

አንድም ቃል አላደናቀፋትም። አያ በላቸው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማ ቆየ።

«ዓባይን ነው ያለው?»

«ዓባይን ነው አባየ። የጎጃም ሰዎች ናቸው። ድሮ ነው፤ ሽፋኑ ላይ አለ።»

«ሌላ ሰው ነዋ» አለ፣ እንደ ረገበ ጠፍር ሆኖ። ወዲያውም፣ «ከዚያስ? አስገቡት?»

«ገና አላነበብነውም።»

«አያ በላቸው፣» አለች ወርቅውሃ፣ «ቃሉን ብቻውን ሰደድሁባችሁ። ታሪኩን አስከትየ መላክ ነበረብኝ።»

 የሚኒባሱ ሾፌር መንገዱ ከታች ስለተዘጋ ዛሬ መመለስ የለም እያለ ይጮኽ ነበር።

«በቃ፣ የመሸበት እንግዳ ሆንሁ» አለ ይበልጣል፣ ነገሩን ለማለዘብ።

«ቤት የእግዜር ነው» አለ አያ በላቸው። «ከኔ ዘንድ ያድራል።»

ወርቅውሃ ደነገጠች። የሰውየው ፊት ላይ ደግነት ፈለገች፤ አላገኘችም። ይህ ሰው እንግዳ ነው የሚወስደው ወይስ መያዣ? የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ ደም ደጅ ይስታል ልጄ። «አይ፣ እኔ ቤት አለኝ፤ ከኔ ጋር ያድራል» አለች።

«እኔ ልጄን ላንች ስሰጥ፣ አንች ወንድምሽን ለኔ አትሰጭም?»

ልዕልት መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥፋ በሁለቱ መካከል ቆማለች። ወርቅውሃ ተማሪዎቿን «አትጠራጠሩት፣ አሳድሩት» ያለችው ትዝ አላት። ቃልን አሳድሩ ማለት ቀላል ነበር። ወንድሟን አየች፤ ትከሻውን ነቅንቆ ፈገግ አለላት፤ ፈገግታውም ብዙም ደፋር አልነበረም።

«ይደር» አለች። 

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልነካት መናገር አያስፈልግም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይበልጣል ቅቤ እንደጠጣ ሰው እያበራ መጣ።

«ምን አደረገህ?» አለችው ሮጣ ይዛው።

«አበላኝ። እግሬን አጠበኝ። ሸዋረጋ የማልጨርሰውን አቀረበችልኝ። ያቺ ልጅ ደግሞ ስለ መጽሐፉ ስትጠይቀኝ አመሸች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ወርቄ፣ ሰውየው አልተኛም። በነቃሁ ቁጥር በሩ ላይ ተቀምጧል። ውሻው እንኳ ተኝቶ ነበር። ለኔ ይጠብቅልኝ ይሁን ከኔ ይጠብቅ፣ እስካሁን አልገባኝም።»

ሰኞ ልዕልት ወንበሯ ላይ ነበረች። እንግዳዋን የምታቀርብበት ተራ ሲደርሳት ተነሥታ ቆመች።

«ደመኛ ማለት» አለች፣ «ውሻ በጮኸ ቁጥር ትዝ የሚልህ ሰው ነው። አባየ ነው ያለኝ።»

 ወርቅውሃ ከራሷ ስልክና ብርድ ልብስ ጋር ያደረችባቸው ሌሊቶች ትዝ ብለዋት፣ ጠመኔውን ይዛ ቆየች። ስንኙን ልጆቹ ገጠሙት፤ የመጨረሻዋን መስመር የሰጠችው ልዕልት ናት፤

ውሻውማ ተኝቷል ጅራቱን ዘርግቶ፣
ባለቤቱ ያድራል ጆሮውን አንቅቶ።

ከዚያ መጽሐፎቹ ታደሉ፤ ንባቡ ተጀመረ። በመስኮቱ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ የአንድ ነፍጥ አፈሙዝ ይታያል። አያ በላቸው «ልጄን ልሸኝ» ብሎ መጥቶ አልተመለሰም። ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ወርቅውሃ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ መስኮቱን ግን ትንሽ ወለል አደረገችው። በየቀኑም እንዲሁ ሆነ። ቃል ማሳደሯንም አልተወችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሙዳዩን ከማዞሯ በፊት ታሪኩ የማንና የት እንደሆነ አስቀድማ ትናገራለች።

ልዕልት ደመኛው ልጁን ታቅፎ ከደጅ የቆመበትን ምዕራፍ ባነበበችበት ቀን፣ ገጹ አልቆ ሁሉም ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ መጣ።

«ልጁስ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ልዕልት ገጹን ገልጣ ፈለገች።

«አገገመ አባየ።»

ወርቅውሃ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች።

«አገገመ ማለት ዳነ ነው?»

«ዳነ ማለት ነው።»

«እ። ሸጋ ነው።»

ወዲያ ማዶ፣ ከመንደሩ በኩል፣ ውሻ ጮኸ። አያ በላቸው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ መንገዱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጆሮውን ወደ መስኮቱ መለሰው።